የመገጣጠሚያ ሽፋን ሴሎች፦ ከስድስት ወር ጥናት በኋላ የገባኝ

ትላንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳላይ ባዶ ወረቀት ላይ ሩማቶይድ አርትራይተስ (መገጣጠሚያን የሚያሳብጥና የሚጎዳ በሽታ) የያዘው መገጣጠሚያ ውስጥ የትኛው ሴል የት እንዳለና ምን እንደሚሰራ ከዳር እስከ ዳር ስዬ ጨረስኩ። በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ምክንያቱም ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ነበር፣ እዛው ቦታ የቆመ ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ሲኖቪየም የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን ነው፣ ጤነኛ ሰው ላይ የላይኛው ንብርብር ውፍረቱ ከ1 እስከ 3 ሴል ቢሆን ነው። ሁለት ዓይነት ሴል አለው፣ አንዱ ማክሮፌጅ መሰሉ፣ ቆሻሻ የሚያጸዳው፣ ሌላው ፋይብሮብላስት መሰሉ፣ ሃያሉሮኒክ አሲድና ሉብሪሲን እያመረተ መገጣጠሚያው ሳይፋተግ እንዲንቀሳቀስ የሚያደርገው። በሽታው ሲይዝ ይሄ ስስ ሽፋን 10 ሴልና ከዛ በላይ ይወፍርና ፓነስ የሚባለው ሆኖ ልም አጥንቱን እየበላ ይገባል። እስከዚህ ድረስ አልከበደኝም።

የከበደኝ ፋይብሮብላስቱ ነው። በሽታው የሚጀምረው የሰውነት መከላከያ የራሱን ሰውነት ሲያጠቃ ነው ብለን ስለተማርን፣ ፀረ እንግዳ አካላቱን፣ የመከላከያ ሴሎቹን ቲ ሴልና ቢ ሴሉን፣ ብግነት የሚያነሳሳውን መልእክት ቲኤንኤፉን ይዤ ፋይብሮብላስቱን ግን ሌሎች የሚዋጉበት ሜዳ አድርጌ ነበር የማየው። ልም አጥንት የሚበሉትን ኤምኤምፒ ኢንዛይሞች እንደሚያመርት፣ ኢንተርሊውኪን 6 የሚባል የብግነት መልእክት እንደሚረጭ፣ ራንክ-ኤል የሚባል ምልክት አውጥቶ አጥንት የሚያሟሙትን ኦስቲዮክላስቶች እንደሚቀሰቅስ አነባለሁ፣ ግን ሁሌም ዳር ላይ «ታዞ ነው» ብዬ እጽፍ ነበር። የባሰው ደግሞ አብረውኝ ለሚያጠኑት ልጆች እንደዛው አስረዳኋቸው፣ ሁለቱ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት፣ በኋላ ስህተት መሆኑ ሲገባኝ አንድ በአንድ ደውዬ ማረም ነበረብኝ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ያወጣኝ አንድ ጥያቄ ነው። ማንኛውንም ሙከራ ሳነብ መጀመሪያ «ከሙከራው ምን አወጡ? ውስጡ ምን ተዉ?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ መልሱን ሳልጽፍ ወደ ውጤቱ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን ሙከራ በዚህ ጥያቄ እንደገና አነበብኩት። ከታማሚዎች መገጣጠሚያ የወሰዷቸውን ፋይብሮብላስቶች ከጤነኛ የሰው ልም አጥንት ጋር አድርገው ቲ ሴልም ቢ ሴልም የሌላት አይጥ ውስጥ ተከሉ። ምን ወጣ? ያዛሉ ያልኳቸው ቲ ሴልና ቢ ሴል። ከሰው የመጣ ምን ቀረ? ፋይብሮብላስቱና ልም አጥንቱ። ሴሎቹ ግን ልም አጥንቱ ላይ ተጣብቀው ሰርስረው ገቡ፣ ከጤነኛ ሰው የተወሰዱት ደግሞ እንደዛ አላደረጉም። ይሄን ስጽፍ እጄ ቆመ። ቲ ሴልና ቢ ሴል ሳያዛቸው ጥፋቱን ቀጥለዋል ማለት ነው እኮ! ጠባያቸው ተቀይሯል፣ ለውጡንም ይዘውት ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ሌላ ሙከራማ ሴሎቹ ከአንዱ ጎን ተነስተው በአይጧ በሌላው ጎን ወደተተከለው ልም አጥንት ሄደው ተገኙ።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. የ2019ኙ ጥናት፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። እዚያ ጥያቄው ተገልብጦ «ምን ጨመሩ?» ሆነ። ፋይብሮብላስቶቹን ሁለት ቦታ ከፈሏቸው፣ የላይኛው ሽፋን ላይ ያሉት ታይ-1 የሚባል ምልክት የላቸውም፣ ከሥር ያሉት አላቸው። የላዮቹን ለብቻ አርትራይተስ የያዛት አይጥ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲጨምሩ አጥንትና ልም አጥንቱ ተጎዳ፣ ብግነቱ (እብጠቱ) ግን ያን ያህል አልባሰም፣ የሥሮቹን ሲጨምሩ ደግሞ ብግነቱ ባሰ። አንድ ስም ይዘው ሁለት የተለያየ ሥራ! ስለዚህ ምክሬ፣ መጀመሪያ የሴሉን ቦታ እወቁ፣ የሳይቶካይን (እንደ ቲኤንኤፍና ኢንተርሊውኪን 6 ያሉ በሴሎች መካከል የሚላኩ መልእክቶች) ዝርዝር በኋላ ይደርሳል። እኔ በዝርዝር መጀመር ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነኝ፣ በካርድ ጽፎ መሸምደድንም አልወደውም፣ እውነቱን ለመናገር ግን የኤምኤምፒዎቹን ቁጥር፣ 1፣ 3፣ 13፣ የያዝኩት በካርድ ነው፣ በሌላ መንገድ እምቢ አለኝ።

ስዕሉን በእጅ ሳሉት፣ የላዩን በአንድ ቀለም የሥሩን በሌላ። ሌላ ሰው የሳለውን ማየት እኔን አልጠቀመኝም፣ ራሴ ስስል ነው የቱ ጋ እንደማላውቅ የታየኝ።

አሁን መድኃኒቶቹ ላይ ነኝ። ለበሽታው የሚሰጠው ሜቶትሬክሴትም ሆነ ቲኤንኤፍን የሚያግዱት መድኃኒቶች በዋናነት የሚያተኩሩት የመከላከያ ስርዓቱ ላይ ነው፣ በቀጥታ ፋይብሮብላስቱን ብቻ ዒላማ አድርጎ ለበሽታው የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ደግሞ ዝም ብሎ መግደልም አይቻልም፣ ጤነኛው መገጣጠሚያ ያለነሱ ማን ያለሰልሰዋል? ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል፣ እብጠቱ ቀንሶላቸውም መገጣጠሚያቸው መጎዳቱን የሚቀጥል ታማሚዎች አሉና።

የሚቀጥለው ወር ዲኤንኤ ሜቲሌሽን (ዲኤንኤው ላይ የሚለጠፍ፣ የትኛው ጂን እንደሚሠራ የሚወስን ኬሚካዊ ምልክት) ነው፣ ሴሎቹ ጠባያቸውን ይዘው የሚቆዩበት አንዱ መንገድ እሱ ስለሆነ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ገጽ ሦስት ላይ አቁሜያለሁ። ይሄን ክፍል የጨረሳችሁ ካላችሁ ከየት እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።