የእማዬ ነጠላ ነጭ አይደለም

ባለፈው እሁድ እማዬን ሣልኳት፤ መሰለችም። እርሳስ ከያዝኩ ዓመት ከስምንት ወሬ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ይቺ እማዬ ናት» ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገርለት ሥዕል አልነበረኝም። ደስታው ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ፤ በተለይ አራት ወር የፈጀብኝን የነጠላውን ጉዳይ። እዚያ ላይ ስታገል የከረምኩት ከእጄ ጋር ሳይሆን ከገዛ አእምሮዬ ጋር እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

መጀመሪያ አካባቢ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ኤችቢ፣ 2ቢ እና 6ቢ እርሳስ (የ«ቢ»ው ቁጥር ሲጨምር ይጠቁራል)፣ አንድ ላጲስ፣ መስመር የሌለው ደብተር። ሦስት ወር ሲኒ፣ ጀበናና ብርጭቆ ስሥል ቆየሁ። ከዚያ የሰው ፊት ወደ መሣል ገባሁና አብዛኞቻችን የምንሠራውን ስህተት ሠራሁ፤ ዓይኑን ወደ ላይ ሰቀልኩት። ዓይን የሚገኘው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት መሀል አካባቢ ነው። እኛ ግን ከሰው ጋር ስንነጋገር የምንከታተለው ዓይንና አፍን ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ግንባርና አናት አሳንሰን እናስቀምጠዋለን። መድኃኒት የሆነኝ ፎቶውን ዘቅዝቆ መሣል ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዪን የተባለ ተመራማሪ፣ ፊት ሲገለበጥ ከሌሎች ዕቃዎች ይልቅ ለመለየት እንደሚያስቸግረን አሳይቷል። ሰው ለመለየት ሲሆን ችግር ነው፤ ለሚሥል ሰው ግን «አፍንጫ» የሚለው ሐሳብ ይርቅለትና መስመሩ ብቻ ይቀርለታል።

ሥዕል የቀኝ አንጎል ሥራ ነው ብለው ይህን ዘዴ «የቀኝ አንጎልህን ማንቂያ» እያሉ የሚያስተምሩ ሰዎች ግን ያናድዱኛል። የአንጎል ተመራማሪው ሮጀር ስፔሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመበት ጥናት፣ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው ድልድይ በቀዶ ሕክምና በተቆረጠባቸው ሰዎች ላይ ጭምር የተደረገ ነው። ከዚያ ተነስቶ ጤነኛውን ሰው «የቀኝ አንጎል ሰው፣ የግራ አንጎል ሰው» እያሉ መከፋፈል ሌላ ነገር ነው። «እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ሥዕል አልተፈጠረልኝም» ብለው እርሳሱን ያስቀመጡ ጓደኞች አሉኝ። ስንሥል ግራውም ቀኙም ይሠራል። እባካችሁ ይህን ለጀማሪ አትንገሩት።

አሁን ወደ ነጠላው።

እማዬ ከሰዓት በኋላ ቡናዋን ጠጥታ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ ብርሃኑ በግራዋ በኩል ይመጣል፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ነጠላ ነጭ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ችግሬም ማወቄ ነበር። ነጠላው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ባዶውን ትቼ እጥፋቱን በቀጭን መስመር አመለክት ነበር። ፊቷ ክብደት አለው፤ ከአንገቷ በታች ያለው ግን ከሌላ ወረቀት ተቀዶ የተለጠፈ ይመስላል። ውድ ወረቀት ገዛሁ። 8ቢ እርሳስ ጨመርኩ። ጥላውን በጣቴ አሸሁት። አራት ወር ሙሉ ነጠላው ከእማዬ ትከሻ ላይ ሊቀመጥልኝ አልቻለም።

መውጫውን ያገኘሁት በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የዕይታ ተመራማሪ የሆነው ኤድዋርድ አደልሰን ከሠራው ምስል ነው። እንደ ቼዝ ሰሌዳ ያለ ነገር ላይ አረንጓዴ ሲሊንደር ቆሞ ጥላውን ጥሎበታል። ከጥላው ውጭ ያለ አንድ «ጥቁር» ካሬና ጥላው ውስጥ ያለ አንድ «ነጭ» ካሬ፣ ፍጹም አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። አላመንኩም። ስልኬ ላይ ሌላውን ሁሉ በወረቀት ሸፍኜ ሁለቱን ብቻ አየኋቸው፤ አንድ ናቸው። ወረቀቱን ሳነሳ ተመልሰው ተለያዩ። አንድ መሆናቸውን ማወቄ ዓይኔን አላቀናውም።

አእምሯችን ጥላውን ቀንሶ የዕቃውን የራሱን ቀለም ነው የሚነግረን። ለኑሮ እንዲህ መሆኑ ግድ ነው፤ ባይሆን ነጠላው ጥላ ውስጥ በገባ ቁጥር ሌላ ልብስ ይመስለን ነበር። ለመሣል ግን የምፈልገው አእምሮዬ የቀነሰውን ያንኑ ጥላ ነው።

ለዚህ ያገኘሁት መሣሪያ አንድ ብር አላስወጣኝም። ከጫማ ካርቶን የቆረጥኩትን ቁራጭ በቢሮ የወረቀት መብሻ በሳሁት፤ ስምንት ሴንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ቀዳዳዎች ወጡ። እጄን ዘርግቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንዱን ቀዳዳ ግንባሯ ላይ ብርሃን የሚመታው ቦታ ላይ፣ ሌላውን ከመስኮቱ በራቀው ትከሻዋ ላይ ካለው የነጠላ እጥፋት ላይ አደረግሁ። ካልገጠመ ካርቶኑን ማዘንበል ወይም ክንድን ማጠፍ ነው። በቀዳዳው ውስጥ ነጠላ የለም፣ ግንባር የለም፤ ሁለት ነጠብጣብ ብቻ። ከሁለቱ ጠቆር ያለው የነጠላው ነበር። የጠይሟ እናቴ ግንባር ከነጭ ነጠላዋ ይበራል! ካርቶኑን አውርጄ ሳያት ነጠላው እንደገና ነጭ ሆነ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ልቤ ይመታ ነበር።

በዚያው ዕለት ነጠላውን አጠቆርኩት። እማዬ አየችውና «አንቺ ልጅ፣ ምነው ነጠላዬን አቆሸሽሽው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቆሽሿል። ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።

ለምን እንደቆሸሸ ለመረዳት ሌላ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ነጠላውን በልኩ አጥቁሬ ፊቷን ግን ከልኩ በላይ አንጥቼው ነበር። የምከታተላቸው የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ሁሉ የሚሥሉት የነጭ ሰው ፊት ነው፤ እጄ ያንን ተላምዶ የእናቴን ጠይምነት ይፈራው ነበር። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን እውነት ነው። ግራጫ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ነጭም ቆሻሻም የሚያደርገው ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ አሁን ከነጠላው አልጀምርም። በመጀመሪያ ከኋላዋ ያለውን ግድግዳና ፀጉሯን እስከሚበቃው አጠቁራለሁ፣ ቀጥሎ ፊቷን፣ ነጠላውን መጨረሻ። በእሁዱ ሥዕል ወረቀቱ ባዶ የቀረው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው የነጠላው ጠርዝና ዓይኗ ውስጥ ያለችው የብርሃን ፍንጣቂ። ጥለቱን እንኳ ጥላ ውስጥ አስገባሁት። እማዬ ስለ ነጠላው ምንም አላለችም። «አርጅቻለሁ እንዴ?» ብቻ አለች፣ ፊቷን እያየች።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የድሮ ሠዓሊዎቻችንን የማሳንስ እንዳይመስላችሁ። «ብርሃንና ጥላ አያውቁም ነበር» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እከራከራለሁ። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና በሉ፤ ጣሪያው ላይ በረድፍ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ዓይናቸው ትልቅ ነው፣ ጥላ የሚጥል አንድ መስኮት የላቸውም። በዚያ ሥዕል ልማድ ቅዱሳኑ በሁለት ዓይናቸው ይመለከቱናል፤ ክፉዎቹ ብዙውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላሉ። ሠዓሊው የሣለው አእምሮ የሚያውቀውን ነው፤ አውቆ፣ መርጦ። እኔ ግን ሳልመርጥ ነበር የማደርገው፤ ዓይኔ ያየውን ሣልኩ ብዬ እያመንኩ።

ስለ ዘዴ ከጠየቃችሁኝ ፎቶ ከወረቀቱ ሥር አስቀምጦ መስመሩን በላዩ ተከትሎ መሣልን ለጀማሪ አልመክርም። ይህን የምለው ራሴ አድርጌው ስለማውቅ ነው። ባለፈው ዓመት ለአንድ ዘመዴ ሠርግ የሰጠሁት ሥዕል የስልክ ብርሃን ከሥር አድርጌ የፎቶውን መስመር ተከትዬ የሠራሁት ነው። ሁሉም አደነቀ፤ እስካሁን ሳሎናቸው ተሰቅሏል፤ እዚያ ቤት ስሄድ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምቀመጠው። ፎቶውንና ወረቀቱን በካሬ ከፋፍሎ መሣልን ግን አልቃወምም፤ ሁለት ወር ተጠቅሜበት ተውኩት።

አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ገላችሁን ታጥባችሁ መስታወቱ በእንፋሎት ሲሸፈን፣ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ የጭንቅላታችሁን ዙሪያ በጣት ሣሉበት፤ ከዚያ ለኩት። የእኔ ከአናት እስከ አገጭ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆነ፤ የእውነተኛው ግማሽ። ብትርቁም ብትቀርቡም ያው ግማሽ ነው። ዕድሜ ልኬን በየቀኑ አይቼው አንድም ቀን ትንሽ መስሎኝ አያውቅም።

አሁን ያለሁት እጆቿ ላይ ነው። ሲኒ ስትይዝ አውራ ጣቷ ወደ እኔ ይመጣል፤ በቀዳዳው ሳየው አጭር ነው፣ ወረቀቱ ላይ ሲወርድ ይረዝምብኛል። ካርቶኑ ለጨለማና ለብርሃን እንጂ ለርዝመት ብዙ አልረዳኝም፤ እርሳስ ዘርግቶ መለካትም ሞክሬያለሁ፣ እሷ ግን ሲኒውን እስክለካ አትጠብቀኝም። ወደ እናንተ የሚመጣ ጣት አሳምራችሁ የሣላችሁ ካላችሁ፣ ከየት እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።