ዳሃብ ላይ የዋና ፈተና
ግብፅ ውስጥ፣ ከሻርም ኤል ሼክ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ዳሃብ ሹፌሩ የጠራውን ዋጋ በግማሽ ቆርጬ ስነግረው ሳያቅማማ «ይሁን!» አለኝ። ግማሹም ውድ ነበር ማለት ነው። መንገዱ ራቁቱን የቀረ ተራራ ብቻ ነው፤ ተኛሁ።

የሄድኩት ስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ፣ ለመማር ነው። ፓዲ የሚባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት የጀማሪዎች ኮርስ እስከ 18 ሜትር ያስጠልቃል፤ መጀመሪያ ግን የጤና ቅጽ አለ። አስም፣ ልብ፣ ጆሮ... አንዳንዱ ላይ «አዎ» ካልክ ሐኪም ሳይፈርም ውሃ አትገባም። አብራን የምትማር ልጅ አስሟን ስለጻፈች ክሊኒክ ሄዳ እስክትመለስ ግማሽ ቀን ተጎለትን። ተነጫነጭን እንጂ ነገሩስ ቀልድ አይደለም። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ የሳብከው አየር ወደ ውሃው ገጽ ስትወጣ እጥፍ ይሆናል፣ ሳንባ ውስጥ መውጫ ካጣ ሳንባውን ይቀድደዋል።

ከዚያ የዋና ፈተናው መጣ። ሳታቋርጥ 200 ሜትር ትዋኛለህ፣ ወይም በማስክ፣ በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ)ና በእግር መቅዘፊያ 300። ሰዓት የሚይዝ የለም፣ በፈለግከው ስልት ነው። አዲስ አበባ የሆቴል ገንዳ ውስጥ ለፍጥነት ስፈራገጥ ከርሜ ይህን ስሰማ በሸቅኩ።

ሰው የሚለየው ቀጥሎ ባለው ነው፦ ምንም ሳትይዝ 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መቆየት። ቀይ ባሕር ጨዋማ ስለሆነ ከሐዋሳ ሐይቅ በጣም ይሻላል፣ ያነሳሃል። ሆኖም ጂም የሚሠራ፣ ክንዱ የኔን ጭን የሚያህል ጎረምሳ 200ውን ከሁላችን ቀድሞ ጨርሶ እዚህ ላይ ወደቀ። ውሃውን እየደበደበ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ እግሩ ወደ ታች ሲጎትተው በመጨረሻ ገመድ ያዘ። ጡረታ የወጡ አንዲት ጀርመናዊት ደግሞ ሳሎናቸው ሶፋ ላይ የተጋደሙ ነው የሚመስሉት! ጎረምሳውን ያዳነው ሲሊንደር የሚሞላው ሱዳናዊ ነው። ሥራው ሳይሆን ከሥራ በኋላ ጥልቀት የሌለበት ቦታ ወስዶ «ጭንቅላትህን ወደ ኋላ፣ ደረትህን በአየር ሙላ፣ ዝም በል» እያለ አስተኛው። በማግስቱ ፈተናውን አለፈ።

ደጋግመህ ከጠለቅክ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት አውሮፕላን መሳፈር አይመከርም። ይህን ከመክፈሌ በፊት ማንም አልነገረኝም፤ ትኬት ማስቀየሪያና የአንድ ሌሊት አልጋ ከኪሴ ወጣ፣ በዚያ ላይ አልጋው ከዲስኮ ቤት በላይ ነው።