ሸራ ስር ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ ላይ ዝናቡ አላስኬድ ቢለኝ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሸራ ስር ተጠለልኩ። ዝም ብዬ መቆሙ ስላሳፈረኝ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አነሳሁ (ቤት ሁለት ቅጂ አለኝ፤ ለባለቤቴ አትንገሩብኝ)።

«ከሰዎቹ ማንን ትወዳለህ?» አሉኝ ሽማግሌው። «ጉዱ ካሳን» አልኩ፤ ሁሉም እንደሚለው። ሳቁብኝ።

«እሱንማ መውደድ ቀላል ነው ልጄ። አንተ ያልደፈርከውን ይናገርልሃል። እኔ የምፈራው ፊታውራሪ መሸሻን ነው።»

ነገሩ እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ልብ ወለድ ፊታውራሪን ክፉ ብቻ አድርገው ቢስሉት ኖሮ ጠልተነው እናልፍ ነበር። ግን ያስቃል! አልገብርም ያለውን ገበሬ ሊወጋ ተኩራርቶ ይዘምታል፤ በእነ አበጀ በለው ይማረካል። እየሳቅን እንለምደዋለን። ያው የዘር ኩራቱ የልጁን የሰብለ ወንጌልን ዕድሜ ሲበላ ግን ሳቃችን ጉሮሯችን ላይ ይቀራል። የሰብለ ወንጌል ፍቅረኛ በዛብህም ቢሆን በእናቱ ስለት ታስሮ ያደገ ነው፤ እሱን ግን ማንም ክፉ ሰው አላሰረውም፤ የእናት ፍቅር እንጂ።

አጠገቡ የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ «ኦሮማይ» ነበር፤ የ1975ቱ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ጋዜጠኛ ነው፤ እንደ ጉዱ ካሳ ያያል፤ ሥራው ግን ያየውን መናገር አይደለም። ጉዱ ካሳ እብድ ተባለ፤ ፀጋዬን ግን ማንም እብድ አላለውም።

ዝናቡ ሲያባራ ሦስተኛውን ቅጂ ገዝቼ ወጣሁ። ዋጋውን አልናገርም።