የዕለት ክብደት ለምን ከፍ ዝቅ ይላል? በየስንት ጊዜውስ እንመዘን?

ክብደት ለመቀነስ አመጋገባቸውን ያስተካከሉ ወዳጆቼ ከሚያነሡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የሚደጋገመው አንድ ነው፦ «ትናንት በልኩ በላሁ፣ በእግሬም ተራመድኩ፤ ታዲያ ዛሬ ጠዋት እንዴት ስምንት መቶ ግራም ጨምሬ ተገኘሁ?» ጥያቄው በውስጡ ቅሬታም ተስፋ መቁረጥም ስላለበት እንዲሁ ሊታለፍ አይገባውም። እንደታዘብኩት ከሆነ፣ በደንብ የተጀመረ ዳይት የሚቋረጠው ብዙውን ጊዜ ረሃብ ስላሸነፈ ሳይሆን፣ ሚዛኑ ላይ የታየው ቁጥር የሳምንቱን ልፋት ከንቱ ያደረገ ስለሚመስል ነው። መልሱን ከመጀመሪያው ለመናገር፣ በአንድ ሌሊት የጨመረው ነገር ስብ አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ፣ በምግብ ማሸጊያዎች ላይ በሚጻፈው የካሎሪ አቆጣጠር፣ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ በአንድ ቀን ስምንት መቶ ግራም ስብ ለማከማቸት፣ ሰውነት በዕለቱ ከሚያቃጥለው በላይ ሌላ 6,000 ካሎሪ ያህል መብላት ያስፈልጋል፤ ይህም አንድ አዋቂ ሰው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ከሚበላው ምግብ ጋር የሚስተካከል ነው። በተቃራኒው ደግሞ፣ ከሚያስፈልገው በቀን 500 ካሎሪ እየቀነሰ የሚበላ ሰው በዕለቱ የሚያጣው ስብ 65 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። አብዛኞቹ የቤት ሚዛኖች የሚቆጥሩት በ100 ግራም እየዘለሉ መሆኑን ስናስብ፣ በአግባቡ የሚሄድ ዳይት በአንድ ቀን የሚያመጣው ለውጥ ሚዛኑ ሊያሳየው ከሚችለው ከትንሹ ልዩነት እንኳ ያነሰ መሆኑን እንረዳለን። ውጤቱ አለ፤ ነገር ግን በአንድ ቀን አይታይም።

ታዲያ ሚዛኑ የሚያሳየው ምንድን ነው? ሚዛን ስብን ከውኃ፣ ጡንቻንም በአንጀት ውስጥ ካለ ምግብ አይለይም፤ የቆመበትን ሁሉ በአንድነት ይመዝናል። ከአዋቂ ሰው ክብደት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ውኃ ሲሆን፣ የዚህ ውኃ መጠን ከሰዓት ወደ ሰዓት ይለዋወጣል። ግማሽ ሊትር ውኃ የጠጣ ሰው ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ግማሽ ኪሎ ከብዷል፤ ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ ደግሞ ይቀልላል። በዚህ የተነሣ ምንም ያልወፈረና ምንም ያልከሳ ሰው ክብደቱ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ቢል ያልተለመደ ነገር አይደለም።

ከእነዚህ መለዋወጦች መካከል ዳይት ጀማሪውን በብርቱ የሚያሳስተው ከግላይኮጅን ጋር የተያያዘው ነው። ግላይኮጅን ሰውነት ከካርቦሃይድሬት ያገኘውን ስኳር ለቅርብ ጊዜ ፍጆታ የሚያስቀምጥበት መልክ ነው። ጉበት ወደ 100 ግራም፣ ጡንቻዎች ደግሞ በድምሩ ወደ 400 ግራም ይይዛሉ፤ መጠኑ እንደየሰዉ ግዝፈትና እንቅስቃሴ ይለያያል። ዋናው ቁም ነገር ግን እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ መቀመጡ ነው። ስለሆነም ምግቡን በተለይም ካርቦሃይድሬቱን በድንገት የቀነሰ ሰው፣ ይህ ክምችት ሲራቆት ከነውኃው እስከ ሁለት ኪሎ ድረስ በጥቂት ቀናት ሊያጣ ይችላል። «በአንድ ሳምንት ሦስት ኪሎ ቀንስ» የሚሉ ማስታወቂያዎች የሚደገፉት በዚሁ ላይ ነው። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ሚዛኑም አልዋሸም፤ የወጣው ግን አብዛኛው ውኃ ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ፍጥነት ይደሰትና ሁለተኛው ሳምንት ሲዘገይ ሰውነቱ «የለመደ» ይመስለዋል፤ አንድ ቀን ግብዣ ላይ ጠገብ ብሎ ከበላ በኋላ ሁለት ኪሎ ተመልሶ ሲያይ ደግሞ የጠፋው ስብ ሁሉ የተመለሰ ይመስለዋል። የተመለሰው ግላይኮጅኑና ውኃው ነው። እዚህ ላይ ብዙ የቆየሁት ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በትክክል በዚህ ቦታ ስለሆነና፣ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ብቻውን ሊያድነው ይችል ስለነበር ነው።

ጨውም የራሱ ድርሻ አለው። ሰውነት በደም ውስጥ ያለው የሶዲየም (በጨው ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር) መጠን ከልኩ እንዳያልፍ አጥብቆ ስለሚጠብቅ፣ ጨው የበዛበት እራት ከተበላ ኩላሊቶች ትርፉን እስኪያስወጡ ድረስ እርሱን የሚያመጣጥን ውኃ ይይዛል። በሐኪም ቤት በደም ሥር የሚሰጠው ጨዋማ ፈሳሽ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው ያለበት መሆኑ መጠኑን ለመገመት ይረዳል፤ ጥቂት ግራም ትርፍ ጨው ከግማሽ ኪሎ የማያንስ ውኃ ሊያስቀር ይችላል ማለት ነው። ይህ ውኃ በአንድ ወይም በሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ትንሽ ቆይቶ፣ በራሱ ጊዜ ይወጣል።

የለመዱትን እንቅስቃሴ በድንገት ያጠነከሩ ሰዎች፣ የዛለው ጡንቻ ሲጠገን ውኃ ስለሚይዝ ለጥቂት ቀናት ይከብዳሉ። የሆድ ድርቀት ክብደት ይጨምራል፤ አትክልትና ጥራጥሬ ማብዛትም ዳይቱ ትክክል ሆኖ ሳለ በአንጀት ውስጥ ያለውን ይዘት ከፍ ያደርጋል። በሴቶች ዘንድ ደግሞ የወር አበባ ሊመጣ ሲቃረብና በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሆርሞን ለውጥ ምክንያት ከግማሽ እስከ ሁለት ኪሎ የሚደርስ ውኃ መያዝ የተለመደ ስለሆነ፣ አንዲት ሴት የዚህን ሳምንት ክብደቷን ካለፈው ሳምንት ጋር ብቻ ካነጻጸረች ልትሳሳት ትችላለች። ለእርሷ የሚሻለው ካለፈው ወር ተመሳሳይ ቀን ጋር ማነጻጸር ነው።

ክብደት በሌሊት ለምን እንደሚቀንስ ከሁሉ ቀድሞ በትዕግሥት የመረመረው ጣሊያናዊው ሐኪም ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ (እ.ኤ.አ. 1561–1636) ነው። በትልቅ ሚዛን ላይ በተንጠለጠለ ወንበር እየተቀመጠ፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን፣ ከሰውነቱም የሚወጣውን ለረጅም ዓመታት መዝኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1614 ውጤቱን አሳተመ። የደረሰበትም፣ በዓይን ሳይታይ ከሰውነት የሚጠፋው በሽንትና በሰገራ ከሚወጣው እንደሚበልጥ ነበር። ዛሬ ይህ የማይታይ ኪሳራ በከፊል ከቆዳና ከሳንባ የሚተን ውኃ፣ በከፊል ደግሞ በትንፋሽ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑ ይታወቃል። ስብ ራሱ ከሰውነት የሚወጣውም በዚሁ መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሩበን ሚርማን እና አንድሩ ብራውን የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እንዳሰሉት፣ ከሚቃጠለው 10 ኪሎ ስብ ውስጥ 8.4 ኪሎው በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ በትንፋሽ ሲወጣ የቀረው 1.6 ኪሎ ውኃ ይሆናል። ማታ ተመዝኖ ያዘነ ሰው ጠዋት ቀልሎ የሚገኘው፣ ተኝቶም ቢሆን ይተነፍስ ስለነበር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ በየስንት ጊዜው እንመዘን? በብዙ ቦታ የሚሰጠው ምክር «በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ተመዘን፤ በየቀኑ መመዘን ያስጨንቃል» የሚል ነው። የምክሩን ደግነት እረዳለሁ፤ ነገር ግን ለአብዛኛው ሰው የተሻለው ነው ብዬ አላምንም። ምክንያቴን በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ከሰኞ እስከ እሑድ እንዲህ ተመዘነ እንበል፦ 82.4፣ 81.9፣ 82.6፣ 82.1፣ 81.7፣ 82.3፣ 82.0። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ፦ 82.5፣ 81.8፣ 81.6፣ 81.3፣ 81.5፣ 81.2፣ 81.7። ይህ ሰው ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚመዘን ቢሆን ኖሮ መቶ ግራም ጨመርኩ ብሎ ያዝን ነበር። ዓርብ ዓርብ ቢመዘን ሁለት መቶ ግራም ብቻ ቀነስኩ ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢመዘን ደግሞ ከአንድ ኪሎ በላይ ስለቀነሰ ደስታው ወሰን አይኖረውም፤ በቀጣዩ ሳምንትም ያንኑ ይጠብቃል። ሰውየው አንድ፣ አመጋገቡም አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ የመመዘኛው ቀን ዕድል ሆነ። የሁለቱን ሳምንታት አማካይ ስንወስድ ግን የመጀመሪያው 82.14፣ ሁለተኛው 81.66 ይሆናል፤ ማለትም ግማሽ ኪሎ ያህል ቀንሷል፣ እውነቱም ይህ ነው።

በሳምንት አንዴ መመዘን የሚያስጨንቀውን ቁጥር አያስወግደውም፤ ሰባት ቀን ሙሉ የተጠበቀ ፍርድ አድርጎ ያከብደዋል እንጂ። አንዳንዱ ሰው ከመመዘኛው ቀን በፊት ባለው ምሽት እራቱን ይተዋል፣ ውኃም ይቀንሳል፤ ይህ ሁሉ ለአንዲት ቁጥር ሲባል የሚደረግ እንጂ ለጤና የሚበጅ አይደለም። በየቀኑ የሚመዘን ሰው ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የራሱን ሰውነት ጠባይ ያውቃል፤ ከግብዣ ማግስት ስንት እንደሚጨምር፣ በስንተኛውም ቀን እንደሚመለስ ከልምድ ስለሚያይ፣ ከፍ ያለ ቁጥር ሲመጣ አይደነግጥም።

አማካዩን በየሳምንቱ ማውጣት ለማይፈልግ፣ በየዕለቱ የሚታደስ ሌላ ስሌትም አለ። የመጀመሪያውን ቀን ክብደት እንደ መነሻ የተለሰለሰ ቁጥር (የዕለቱ ዝላይ የተቀነሰለት ቁጥር ማለት ነው) ይያዙ፤ ከዚያ በየቀኑ ከአዲሱ ክብደት ላይ ያለፈውን የተለሰለሰ ቁጥር ቀንሰው፣ የልዩነቱን አንድ ዐሥረኛ ብቻ በዚያው ቁጥር ላይ ይደምሩ። የትናንቱ የተለሰለሰ ቁጥር 82.0 ሆኖ ዛሬ ሚዛኑ 83.0 ቢያሳይ አዲሱ ቁጥር 82.1 ይሆናል። የአንድ ቀን ዝላይ ስፍራውን ያገኘው በዐሥረኛ መጠኑ ብቻ ነው። የስልክ መተግበሪያዎች የሚስሉት ለስላሳ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ስሌት ውጤት ነው።

ጥናቱም ቢሆን በጥቅሉ አዘውትሮ መመዘንን ይደግፋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ተመራማሪዎቹ ሬና ዊንግ እና ጄምስ ሂል የመሠረቱት፣ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያልተመለሰባቸውን ሰዎች የሚከታተለው መዝገብ እንደሚያሳየው፣ ከአባላቱ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይመዘናሉ። ይህ ብቻውን መመዘን ነው ያቆያቸው ለማለት አያበቃም፤ የተሳካለት ሰው ሚዛኑን ስለማይፈራ ሊሆን ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የዊንግና የባልደረቦቿ ሙከራ ግን ክብደት የቀነሱ 314 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተኩል ተከታትሎ፣ በየቀኑ መመዘንንና ቁጥሩ ሲጨምር ምን ማድረግ እንደሚገባ ከተማሩት መካከል በየቀኑ የተመዘኑት ክብደታቸው የመመለሱ ነገር ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ቁጥሩን ማየት የሚጠቅመው ካዩ በኋላ የሚደረገው ነገር አስቀድሞ ሲታወቅ መሆኑን ነው።

አመዛዘኑ አንድ ዓይነት ካልሆነ ግን አማካዩም አይረዳም። ጠዋት ከእንቅልፍ ተነሥቶ፣ ሽንት ቤት ደርሶ፣ ምንም ሳይበሉና ሳይጠጡ፣ በቀላል ልብስ ወይም ያለ ልብስ መመዘን የተሻለ ነው። ሚዛኑ ጠንካራና ደልዳላ ወለል ላይ፣ ሁልጊዜም በአንድ ስፍራ ይቀመጥ፤ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሚዛን የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም። አንዳንድ ዲጂታል ሚዛኖች ከቅርቡ ንባብ ብዙም የማይለይ ክብደት ሲያገኙ የቀድሞውን ቁጥር መልሰው ስለሚያሳዩ፣ ሁለቴ ወጥቶ ያንኑ ማየት የሚዛኑን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። የሰውነት ስብ በመቶኛ የሚነግሩትም ደካማ ኤሌክትሪክ በሰውነት ውስጥ አሳልፈው በግምት ስለሆነና ግምቱም በውኃው መጠን ስለሚዛባ፣ የዕለት ለውጡን ባይከታተሉት ይሻላል።

የአመጋገብ ሥርዓት መዛባት ሕመም ያለበት ወይም ቀድሞ የነበረበት ሰው፣ ቁጥሩም የቀኑን ስሜት ሁሉ የሚወስንበት ሰው፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይመለከተውም፤ ለእርሱ ሚዛኑን ትቶ በልብሱ ልክ ወይም በወገቡ ዙሪያ መከታተል፣ ወይም ሐኪሙ እንዲመዝነው ማድረግ ይሻለዋል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ደግሞ በተቃራኒው በየቀኑ መመዘን ግዴታው ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ወይም በሳምንት ከሁለት ኪሎ በላይ ቢጨምር፣ በተለይም እግሩ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ መንገር አለበት። በእርሱ ዘንድ ውኃው ራሱ የሕመሙ ምልክት ነውና።

የቀረው ጥያቄ አማካዩ ሲቆም ምን ይደረግ የሚለው ነው። አንድ ሳምንት ባለበት ቢቆም ምንም አይለወጥ፤ ሁለት ሳምንት ቢቆምም ጨው፣ እንቅልፍ፣ አዲስ እንቅስቃሴ፣ የወር አበባ መኖሩን መመልከት እንጂ ምግብ መቀነስ አያስፈልግም። የሳምንቱ አማካይ ለአራት ሳምንታት ያህል ካልወረደ ግን የሚበላው ከሚቃጠለው ጋር ተመጣጥኗል ማለት ነው። የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለው ካሎሪ ከቀድሞው ያነሰ በመሆኑ ይህ በዳይት መንገድ ላይ የሚጠበቅ ነው። በዚያን ጊዜ በቅድሚያ የሚሠራው፣ ለአንድ ሳምንት የሚበሉትን ሁሉ ዘይቱንና መጠጡን ሳይተዉ መመዝገብ ነው፤ መዝገቡ ትክክል ሆኖ ከተገኘ በቀን 200 ካሎሪ ያህል ቀንሶ ወይም በዚያው ልክ እንቅስቃሴ ጨምሮ፣ ሌላ ሦስት ሳምንት አማካዩን መከታተል ይበቃል።