ዓርብ ቀን የዋለው ሃሎዊን እና የጾም ጣቶች

በፈረንጆቹ 2025 ሃሎዊን፣ ልጆች አስፈሪ አልባሳት ለብሰው በየቤቱ እየዞሩ ጣፋጭ የሚቀበሉበት የፈረንጆች በዓል፣ የዋለው ዓርብ ቀን ነበር። እነርሱ ኦክቶበር 31 የሚሉት ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዓርብ በመሆኑ ጾም፣ ዕለቱ 21 በመሆኑ የእመቤታችን ወርኃዊ መታሰቢያ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ ውስጥ በመውደቁ ደግሞ በፈቃዳቸው ጾመ ጽጌን ለሚጾሙ ሰዎች የጾም ወራት ነበር። ይህን ሁሉ በጣቷ እየቆጠረች የነገረችኝ ከደሴ መጥታ አብራን የሰነበተችው እናቴ ናት። እኔ ግን ከሁለት ሳምንት በፊት፣ የቀን መቁጠሪያውን ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ በምንኖርበት ሕንፃ የጋራ አዳራሽ ለሚሰበሰቡ 18 ልጆች «የሚያስፈራ መክሰስ» አዘጋጃለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር።

የ8 ዓመቷ ልጄን ጨምሮ ከልጆቹ መካከል ሰባቱ የሐበሻ ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹ ረቡዕና ዓርብ የፍስክ ምግብ አይበሉም። ስለዚህ ያሰብኩት ዝርዝር በአንድ ማታ ፈረሰ። ቋሊማ በሊጥ ጠቅልሎ አስከሬን ማስመሰል ቀረ። ከቺዝ የሚሠራው የጠንቋይ መጥረጊያም ቀረ። ነጭ ቸኮሌት የለበሱ ሙት መናፍስትን ለማዳን ብዙ ታገልኩ፤ ነገር ግን ነጭ ቸኮሌት ያለ ወተት አይሆንም፤ የአሜሪካ ደንብ እንኳ በዚህ ስም የሚሸጥ ነገር ቢያንስ 14 በመቶ ደረቅ የወተት ይዘት እንዲኖረው ያስገድዳል። ማርሽሜሎው የተባለው ለስላሳ ነጭ ከረሜላ ደግሞ ስኳር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ማሸጊያውን ሳነበው ጄላቲን ይላል፤ ጄላቲን ከአሳማ ወይም ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው። ይህ ለጾመኛው ብቻ ሳይሆን ፎቅ ላይ ለሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም እንደማይሆን ገባኝ። ደማቅ ቀይ ከረሜላዎች ላይ ካርሚን የሚል ቃል አየሁና ምንነቱን ሳጣራ ከደረቀ ትንሽ ነፍሳት የሚሠራ ቀለም መሆኑን ደረስኩበት፤ እናቴ ስትሰማ «እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን የሚያስፈራ ነገር ትሠሪያለሽ?» ብላ ሳቀች።

ሳቋ ግን ተቃውሞዋን አላስቀረላትም። «ልጄ፣ ሰው በማርያም ቀን የጠንቋይ ጣት ጋግሮ ለሕፃን ያበላል?» አለችኝ። እኔም የማውቀውን ያህል አስረዳሁ። ሃሎዊን የሚለው ስም በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 1 ቀን ከሚከበረው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ የመጣ ነው፤ ልማዱን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አሜሪካ ያመጡት በተለይ የአየርላንድና የስኮትላንድ ስደተኞች ናቸው፤ በአገራቸው ይፈለፍሉት የነበረውን ትንሽና ጠንካራ የሥር ተክል እዚህ ትልቅና ለስላሳ በሆነው ዱባ ተኩት። ልጆች በየቤቱ እየዞሩ መቀበላቸውንም ከእኛ ቡሄ ጨፋሪዎች ጋር አመሳሰልኩላት። «ለቡሄ የሚሰጠው ሙልሙል ነው፤ ጣት አይደለም» አለችኝ። በዚህ መልስ ላይ የምጨምረው ስላልነበረኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የእርሷን ቅሬታ ፈጽሜ አልናቅሁትም፤ ከጠረጴዛው ላይ የራስ ቅልና የመቃብር ነገር ያስቀረሁት ስለ እርሷ ብዬ ነው።

ቀጥዬ ለወላጆቹ ሁሉ መልእክት ላክሁና የልጆቻቸውን አለርጂ ጠየቅሁ። ይህን ማድረግ የነበረብኝ ገና ቃል በገባሁበት ቀን ነበር፤ ምክንያቱም መልሱ ሲመጣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ እንዲሁም እንደ አልሞንድና ካሺው ያሉት የዛፍ ፍሬዎች በአንድ ጊዜ ከእጄ ወጡ። ኦቾሎኒ የገባበት ቆሎ አቀርባለሁ ብዬ ከእህቴ ዘንድ አስልኬው ነበር፤ እንደታሰረ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ሰሊጥ በአሜሪካ ሕግ በማሸጊያ ላይ ተለይተው መጻፍ ካለባቸው ዋና ዋና አለርጂ አምጪ ምግቦች ዘጠነኛው ሆኖ የገባው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የታሸገና ከጓዳ ጥግ የተረሳ ነገርን ጽሑፉን አይቶ ማመን አይቻልም። እዚህ አገር በደጃፍ ላይ በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ያለ ቀለም የተቀባ ዱባ ሲቀመጥ፣ በዚያ ቤት አለርጂ ላለበት ልጅ የሚሆን ከምግብ ሌላ ስጦታ አለ ማለት ነው። እኛም አንድ ዱባ ቀብተን በአዳራሹ በር ላይ አኖርንና አጠገቡ እርሳስና ተለጣፊ ሥዕሎች የያዘ ቅርጫት አስቀመጥን።

ከሠራሁት ሁሉ የተሳካልኝ የጠንቋይ ጣት ነው። እዚህ አገር ሰዎች ይህን ብስኩት የሚጋግሩት በቅቤና በእንቁላል በተለወሰ ሊጥ ሲሆን ጥፍሩን ከአልሞንድ ያደርጉታል፤ ለእኔ አንዱም አይሆንም ነበር። መላውን ያገኘችው እናቴ ናት። ክርክሯን ሳትተው፣ እጇን ታጥባ ወደ ወጥ ቤት ገባችና «ይህ እኮ የዳቦ ቆሎ ሊጥ ነው የሚፈልገው» አለች። እውነቷን ነበር። የዳቦ ቆሎ ሊጥ በዘይት ከተለወሰ ቅቤም እንቁላልም አይሻም፤ እርሾ ስለሌለውም ኩፍ ብሎ የሰጡትን ቅርጽ አያጠፋም። አራት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ሩብ ኩባያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና፣ ለልጆች ስለሆነ ከለመድነው ቀነስ አድርገን፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ በርበሬ ደባለቅን፤ ግማሽ ኩባያ ዘይት አሽተን ካስገባንበት በኋላ አንድ ኩባያ ያህል ውሃ ቀስ በቀስ እየጨመርን ጠንከር ያለ ሊጥ አድርገን ለወስነውና ሸፍነን ግማሽ ሰዓት አሳረፍነው።

የመጀመሪያው ትሪ አልሆነም። ሊጡን በገዛ ጣቴ ውፍረት ልክ አድቦልቡዬው ነበር፤ ከኦቨን ሲወጣ ውጪው ቀልቶ ውስጡ ያልበሰለ፣ መልኩም ከጣት ይልቅ የቋሊማ ቁራጭ የሚመስል ሆነ። እናቴ በሁለተኛው ትሪ ላይ ውፍረቱን ከእርሳስ ጥቂት ብቻ እንዲበልጥ አደረገችው፤ መሐሉ ላይ ከአንጓው በላይና በታች በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ አቀጠነችው፤ አንጓው ላይ ደግሞ በቢላ ጀርባ ሦስት ስስ መስመሮች አሰመረች። በ175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እዚህ አገር ኦቨኖች ላይ 350 ተብሎ በሚነበበው፣ 25 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ጫፉ ወርቅማ ሆነ፤ ከዚያ ውጪ ሲቀዘቅዝ ደርቆ እንደ ዳቦ ቆሎ መንኮሻኮሽ ጀመረ። በጠቅላላው 45 ጣቶች ወጡልን፤ የተበላሸውን የመጀመሪያ ትሪ ሳልቆጥር ማለቴ ነው።

ጥፍሩ ለብቻው ጣጣ ነበረው። ልጄ ከፈለፈለችው ዱባ የወጣውን ፍሬ አጥቤ፣ በጨው ውሃ 10 ደቂቃ ቀቅዬ፣ አድርቄና ቆልቼ ነጩን ቅርፊት እንዳለ ጥፍር ላደርገው ሞከርኩ። ለዐይን በጣም ያምር ነበር፤ ነገር ግን ቅርፊቱ ከጥርስ ጋር የሚታገል ስለሆነ ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ አይመችም። ስለዚህ ቅርፊቱ የተላጠውን አረንጓዴ የዱባ ፍሬ ገዛሁ፤ ለጠንቋይም ከነጩ ይልቅ አረንጓዴው ጥፍር ይስማማታል። ፍሬውን ከመጋገሩ በፊት ሊጡ ላይ ብጫነውም ሲደርቅ ግማሹ ወለቀ። ሆኖም ጉድጓዱ ቦታውን ይዞ ስለቀረ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ጥቂት የእንጆሪ ማርማላታ አድርጌ ፍሬውን መልሼ ለጠፍኩት፤ ማርማላታው በጥፍሩ ዙሪያ ሲወጣ ደም መሰለ። ይህን አስቤበት ያደረግሁት አለመሆኑን ለማንም አልተናገርኩም።

የሙዝ ሙት መንፈስ ግን አዋረደኝ። አሠራሩ ከዚህ የቀለለ የለም፤ ሙዙን ልጦ መሐል ለመሐል መቁረጥ፣ የተቆረጠውን ጎን ወደ ታች አድርጎ ማቆም፣ ወተት የሌለባቸው ሦስት የጥቁር ቸኮሌት ፍንካቾች በሹል ጫፋቸው ሰክቶ ሁለቱን ዐይን፣ አንዱን አፍ ማድረግ ነው። ሥራ ላቅልል ብዬ ሐሙስ ማታ 20 ሙዝ ቆርጬ አሰናዳሁና ዓርብ ጧት ስከፍተው ሁሉም ጠቁረውና ላሽቀው እውነተኛ ሬሳ መስለው ጠበቁኝ። የተቆረጠ ሙዝ የሚጠቁረው ውስጡ ያለው ኢንዛይም ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ነው፤ የሎሚ አሲድ ይህን ያዘገየዋል እንጂ እስከ ማግሥቱ አያቆመውም። አዲስ ሙዝ ገዝቼ፣ ድግሱ ሊጀመር 20 ደቂቃ ሲቀረው ቆራርጬ፣ ግማሽ ለግማሽ በውሃ በቀጠነ የሎሚ ጭማቂ ነክሬ አቆምኳቸው። የጠቆሩትን ለጧት ጭማቂ አዋልናቸው።

መንደሪኑ ምንም አላስቸገረም፤ የተላጠ መንደሪን አናት ላይ አጭር የሴለሪ ግንድ ሲሰካበት ዱባ ይሆናል፣ በቃ።

ለሸረሪት ድሩ ሰዎች በአቮካዶ ላይ ነጭ እርጎ ነው የሚያፈሱት። እኔ ሰሊጥ ያልገባበት የሽምብራ ሁሙስ ሠራሁ፤ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ዘይት፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ብቻ ነው። ግማሹን በውሃ አቅጥኜ በፕላስቲክ ከረጢት አደረግሁትና ጥጉን በጣም በጥቂቱ ቆረጥኩት። በሎሚ የታሸውን አቮካዶ በሰፊ ሰሃን ላይ አስተካክዬ ከዘረጋሁ በኋላ ከመሐል ጀምሬ አንዱን ክብ በሌላው ውስጥ እያደረግሁ አፈሰስኩበት፤ ከዚያ በስቴኪኒ ከመሐል ወደ ዳር ስምንት ጊዜ ስስበው ድር ሆነ። ሸረሪቷ ጥቁር የወይራ ፍሬ ናት፤ ግማሹ ገላዋ ሲሆን ሌላው ግማሽ በቀጭኑ ተቆርጦ እግሮቿ ይሆናሉ። ስድስት እግር ብቻ ሰክቼ ስጨርስ ልጄ ቆማ ቆጥራ «እማዬ፣ ይቺ ጉንዳን ናት» አለችኝ።

በሳህን ላይ ዐይን የሚመስል ነገር እንዲኖር የተላጠ የወይን ፍሬ ላቀርብ አስቤ ነበር። ሙሉ የወይን ፍሬ ግን ለትንንሽ ልጆች ጉሮሮ የታወቀ አደጋ ነው፤ በተለይ ከአራት ዓመት በታች ላሉት ወደ ታች በቁመቱ አራት ቦታ ካልተቆረጠ አይሰጥም። አራት ቦታ የተቆረጠ ዐይን ደግሞ ዐይን አይደለም። ተውኩት። ፈንዲሻውንም በዚሁ ምክንያት ትልልቆቹ ልጆች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ብቻ አደረግሁት።

ለመጠጡ ከርከዴ አፈላሁ፤ ቀለሙ ያለ ምንም ማቅለሚያ ደም ይመስላል። አንድ የቪኒል ጓንት፣ ዱቄት የሌለውን ዓይነት፣ ውስጡን ደጋግሜ አጥቤ ቀዝቃዛ ከርከዴ ሞላሁበት፤ አንገቱን በክር አስሬ ፍሪዘር ውስጥ ዘርግቼ አሳደርኩት። በረዶ የሆነው እጅ በሳህኑ መሐል እንዲንሳፈፍ ነበር ሐሳቤ። ቸኩዬ ጓንቱን ስጎትተው ሁለት ጣቶች ተሰበሩ። ለብ ያለ ውሃ አፍስሶበት ጥቂት ከጠበቁ በኋላ ጓንቱን በመቀስ መቅደድ እንደሚሻል የተማርኩት በዚህ ነው። ልጆቹ ግን ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ያንን ሦስት ጣት ያለው እጅ ነበር፤ የተሰበሩትን ጣቶች ማን እንደ በላቸው ሲጠያየቁ አመሹ።

ከመጀመሩ በፊት በእያንዳንዱ ሰሃን ፊት የገቡበትን ነገሮች በሙሉ የጻፍኩበት ካርድ አቆምኩ፤ «የጾም» የሚለውንም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። አንዲት እናት ካርዱን ሁለት ጊዜ አንብባ፣ ሰሊጥ የማይስማማውን ልጇን «ከሁሉም መብላት ትችላለህ» ስትለው ሰማሁ፤ ልጁ ሳያምናት ወደ እኔ ዞሮ ራሴን በአዎንታ እስክነቀንቅለት ጠበቀ። አቮካዶውን ብዙዎቹ ልጆች አልነኩትም፤ ድሩን ማበላሸት ስላሳዘናቸው ይሁን አረንጓዴ ነገር ስለሆነ አልገባኝም፤ በመጨረሻ ወላጆች ናቸው የበሉት። መንደሪኑ በ10 ደቂቃ አለቀ። እናቴ ከጥግ ወንበር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣ፣ አልባሳቱን እያየች ታማትብ ነበር፤ ነገር ግን የጣቶቹ ሰሃን ሲጎድል ካርቶኑን ከፍታ የሞላችው እርሷ ናት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎረቤቶች ለቡና መጡ። እናቴ ፈንዲሻ አልነበራትምና ከዓርብ የተረፉትን ጣቶች በትንሽ ሰፌድ ደርድራ ከጀበናው አጠገብ አቀረበች። አንዲት ትልቅ ሴት አንዱን አንስተው ወደ ብርሃኑ አድርገው አገላበጡትና «እመት፣ የወሎ ዳቦ ቆሎ ከመቼ ወዲህ ነው ጥፍር ያበቀለው?» ብለው ጠየቋት። እናቴ ቡናውን እየቀዳች፣ ቀና ሳትል፣ «ዘንድሮ ነው» አለቻቸው።