በሐይቅ ዳር ዳር፣ ከእልኸኛ ሞተር ጋር

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሚገኘውን፣ ስሙም «ሐይቅ» የሆነውን ሐይቅ፣ እንደ አብዛኛው መንገደኛ እኛም ለዓመታት የምናውቀው ዳር ተቀምጠን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየበላን ነበር። በቅርቡ ግን ባለቤቴ «ዳር ዳሩን በጀልባ ሳንዞር አየነው አይባልም» አለችና አንድ ባለሞተር ጀልባ ተከራየን። ባለንብረቱ ሂሳቡን ተቀብሎ ዳር ቀረ፤ ጀልባውን የሚነዳልን አንድ ትሑት ወጣት ነበር።

ገና ሳንሳፈር የመጀመሪያው ችግር ታየ። ከተሰጡን የሕይወት አድን ጃኬቶች የአንዱ ማያያዣ ተሰብሮ በሲባጎ ታስሯል። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በሚበልጥ ውሃ ላይ በሲባጎ መተማመን ስለማይገባ፣ ሌላ ካልመጣ አንነሳም ብለን ቆምን፤ ከብዙ ማጉረምረም በኋላ መጣ። ተከራይ እንዲህ ሲጠይቅ እንደ ጭቅጭቅ መቆጠሩ ይገርመኛል።

ከዳር ርቀን ጥቂት እንደሄድን ሞተሩ ጠፋ። ወጣቱ የማስነሻውን ገመድ ደጋግሞ ሳበው፤ ሞተሩ ትንሽ ሲያርፍ ይነሳል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ እንደገና ይጠፋል።

«አብሽሩ ጋሼ፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል» አለኝ።

ባለቤቴ ግን የወፍጮ ቤት ልጅ ናት፤ ኩታበር ውስጥ ከአባቷ ወፍጮ ሥር ያደገች በመሆኗ የሞተርን ጠባይ ከድምፁ ታውቃለች። «አይደለም የኔ ልጅ፣ ይህ የሙቀት ሳይሆን የነዳጅ ነው፤ እየተነፈሰ አይደለም» አለችውና ወደ ቤንዚኑ ዞረች። በእርግጥም የፕላስቲኩ ሰልባትዮ (የቤንዚን መያዣ) ግራና ቀኙ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ክዳኑ ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር ማስገቢያ ብሎን በጥፍሯ ስታላላት «ፍስስ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የሰረጎደው ጎንም «ጧ» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ዕቃው ሲጓጓዝ ቤንዚን እንዳይፈስ ብሎኗ ትጠብቃለች፤ ጀልባው ሲነሳ ካልተከፈተች ግን በወጣው ቤንዚን ምትክ አየር ስለማይገባ፣ ሞተሩ የሚስበው ነዳጅ እያነሰ ሄዶ ይቆማል። ስናርፍ በስንጥቁ ሁሉ ጥቂት አየር ስለሚሰርግ ዳግም ይነሳል፤ ወጣቱ «ሲቀዘቅዝ» ያለው ይህንን ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ያለ ችግር እስከ ሐይቅ እስጢፋኖስ ደረስን። ጥንት ደሴት የነበረው ይህ ገዳም ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በእርሳቸው ሥር የተማሩበት ስፍራ ነው። የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴት አትገባም፤ ስለዚህ እኔ ለመሳለም ስወርድ እርሷ ጀልባው ላይ ቀረች።

ስመለስ ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ተፈትቶ በመዳፏ ላይ አገኘሁት፤ እንደ ምጣድ ቂጥ ጥላሸት ለብሷል። ወጣቱ ሞተሩ እንዳይጎዳ በማሰብ ከቤንዚኑ ጋር ዘይቱን አብዝቶ ቀላቅሎ ነበር። ለብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሞተሮች ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይበቃል፤ ከዚያ የተረፈው ሳይቃጠል ካንዴላው ላይ ይጋገራል። በዚህ ላይ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) እዚህ ሲመጣ ለአየሩ መጠን ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ጉልበቱም አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ለካ ስንነሳ ጀምሮ ያጨስብን የነበረው ለዚህ ነው። ካንዴላውን በብረት ብሩሽ ፍቃ፣ በቤንዚን አጥባ፣ ጫፉን አናፍሳ መለሰችው።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሳ፤ የባሰውም የመጣው ያኔ ነው። ሐይቅ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣ ውሃ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ ወጥቶ በምድር ላይ የሚፈስ ወንዝ የለምና፣ የተጣለበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። የተጣለ የዓሣ መረብ ጀልባውን የሚገፋውን ፕሮፔለር ተጠምጥሞ ያዘውና ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ፒን ተቆረጠ። ፒኑ የሚሠራው ሆን ተብሎ ደከም ካለ ብረት ነው፤ ውስጥ ያለው ጥርስ ከሚሰበር እርሱ ይሰበራል። መለዋወጫ ግን አልተያዘም፤ መቅዘፊያውም አንድ ብቻ ነበር። ወጣቱ እየቀዘፈ፣ እኔም በመቀመጫው ጣውላ እያገዝሁት ሸንበቆው ጥግ ተጠጋን። መረቡን በቢላዋ ስንቆርጥ እጄ በክሩ ተሰነጣጠቀ። በመጨረሻ ከጣውላው የተነቀለ ሚስማር በፒንሳ ተቆርጦ በፒኑ ቦታ ገባ፤ ባለቤቴም ጋዙን እንዳይጨምር እያስጠነቀቀችው ቀስ ብለን ተመለስን።

ባለንብረቱ ለመዘግየታችን ተጨማሪ ሂሳብ ሊጠይቅ ጀምሮ ነበር። ወጣቱ የሆነውን ሁሉ ሲነግረው ግን ሂሳቡን ተወና ወደ ሌላው ጀልባው አሳየ።

«እትዬ፣ ያኛውም እንዲሁ እየጠፋ አስቸግሮኛል።»

«የክዳኑን ብሎን አይተዋታል?» አለችው።

አላያትም ነበር።