ሞላላው ቀዳዳ፦ የትንሿን ሎኮሞቲቭ ቦይለር ስቀይር

ይህን የምጽፈው፣ ሥራውን ከመጀመሬ በፊት አንድ ሰው «የቦይለሩን እግር ቀዳዳ እንዳታጠብ» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ሦስት ወር በከንቱ ስለማላባክን ነው። ሎኮሞቲቯ በአምስት ኢንች፣ ማለትም በ127 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ የምትሄድ፣ ከሰል እየበላች ሰው የምትጎትት የእንፋሎት ሞዴል ስትሆን፣ የምነዳትም እዚህ እንግሊዝ አገር አባል በሆንኩበት ክበብ ሐዲድ ላይ ነው። ድሬዳዋ የባቡር ጣቢያው ሰፈር ላደገ ሰው ይህ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ይገምታል።

አሮጌው የመዳብ ቦይለር፣ ማለትም ውኃው ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት ጋን፣ በእሳት ሳጥኑ ጣሪያ በኩል ማንጠባጠብ ጀምሮ ነበር። ለዓመታት የኖራ ቅርፊትና ጥቀርሻ በጠገበ መዳብ ላይ የብር ብየዳ በደንብ ስለማይዝ፣ ከማስጠገን ይልቅ አዲስ አሠራሁ። ማፍታቱ አንድ ቅዳሜ ፈጀ። የመዳብ ሮንዴላዎቹን በእሳት አግዬ አለሰለስኩ፤ የእንፋሎት መትፊያው አፍንጫ ከጭስ ማውጫው መሐል ጋር ቀጥ ማለቱንም ቀጭን ዘንግ ከላይ አስገብቼ አረጋገጥኩ። አዲስ ቦይለር ከሥራ ግፊቱ እጥፍ በሆነ የውኃ ግፊት ስለሚፈተን፣ የእኔም ሥራው በ90 ፒ.ኤስ.አይ. (በአንድ ስኩዌር ኢንች 90 ፓውንድ ግፊት) ስለሆነ፣ የክበቡ መርማሪ በእጅ ፓምፕ እስከ 180 ገፍተው አንዲት ጠብታ አላዩም። እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር።

ጥፋቴ የተፈጸመው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ማንም ሳያየኝ ነው። ቦይለሩ ከፊት በጭስ ሳጥኑ ሥር ካለው መቀመጫ ጋር በቡሎን ይታሰራል፤ ከኋላ ደግሞ በእሳት ሳጥኑ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት እግሮች በሻሲው ላይ ያርፋል። የአሮጌዎቹን እግሮች ቀዳዳዎች ስመለከት ሞላላ ሆነው አገኘኋቸው። እኔም ያለ ምንም ማመንታት፣ ሠሪው ተቸኩሎ በሞረድ ያበላሻቸው ወይም በዕድሜ የተበሉ ናቸው ብዬ ፈረድኩ። ስለዚህ ለአዲሱ ቦይለር እግሮች ቡሎኑን ልክክ አድርጎ የሚይዝ ክብ ቀዳዳ በሳሁ፤ ዳዶውንም እስከ መጨረሻው አጠበቅሁ። በሥራዬ ጥራት ኮርቼ ፎቶግራፍ እንኳ አንሥቼ ነበር፤ ያ ፎቶግራፍ ዛሬም ስልኬ ውስጥ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ከውኃው ፈተና በኋላ በመጣው የእንፋሎት ፈተና ቀን ማኖሜትሩ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ 60 ሲደርስ ከጭስ ሳጥኑ ውስጥ የፉጨት ድምፅ ተሰማ። እንፋሎቱ የሚወጣው ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚወርደው ቧንቧ መጋጠሚያ ነበር። መርማሪው ጎንበስ ብለው አዩና «ጓርኒሲዮኑ ነው፤ ቀይረህ ተመለስ» አሉኝ፤ በመጋጠሚያው መሐል የሚገባውን ማሸጊያ ማለታቸው ነው። ቀየርኩ። ተራ ደርሶኝ ስመለስም ያው ፉጨት ተደገመ። በሦስተኛው ጊዜ፣ ቤት ውስጥ በቀዝቃዛ ውኃ ስሞክረው ፈጽሞ እንደማያፈስ፣ ሲሞቅ ብቻ እንደሚከፈት ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ እርሳቸው ግን ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ ወደሚቀጥለው ሎኮሞቲቭ ሄዱ። በጎ ፈቃደኛ አዛውንት መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንድ ጥያቄ ጨርሶ ማዳመጥ ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አላምንም።

መልሱን ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። ከጭስ ሳጥኑ ሥር ካሉት ቡሎኖች አንዱ ላልቶ፣ በዙሪያው ያለው ቀለምም ተፍቆ አየሁ። ከዚያ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። በ90 ፒ.ኤስ.አይ. የሚፈላ ውኃ 166 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ይደርሳል፤ መዳብ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዲግሪ በአንድ ሜትር 17 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ያህል ይረዝማል። ከፊተኛው መቀመጫ እስከ እግሮቹ ያለው 480 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ቦይለሩ ከቀዝቃዛነት ተነሥቶ እስኪግል 1.2 ሚሊሜትር ያህል ይለጠጣል፤ የብረቱ ሻሲ ግን ብዙም ስለማይሞቅ አብሮት አይሄድም። እኔ ወደ ኋላ መሄጃውን ስለዘጋሁበት ወደ ፊት ገፋ፤ ቧንቧውንም ከመጋጠሚያው ላይ ይጠመዝዘው ነበር። ሞላላው ቀዳዳ የሠሪው ስንፍና ሳይሆን ዕውቀቱ ነበር።

ማስተካከያው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ቀዳዳዎቹን በሞረድ ወደ ኋላ ሦስት ሚሊሜትር አረዘምኩ፤ እግሩ ወደ ላይ እንዳይነሣ እየተያዘ ወደ ኋላ ግን እንዲንሸራተት፣ ዳዶው ሲጠብቅ ቀጭን ክፍተት የሚተው ባለ ትከሻ ቡሎን ቶርኖ ላይ አወጣሁ፤ ከሥሩም ግራፋይት ቀባሁ።

መርማሪው ሎኮሞቲቯ ተሸፍናና ቀለም ተቀብታ፣ ሙሉ በሙሉ አልቃ ለእንፋሎት ፈተና እንድትቀርብ ይፈልጋሉ። እኔ አልስማማም። የቀዝቃዛ ውኃ ፈተና የቦይለሩን ጥንካሬ እንጂ አገጣጠሙን አያሳይም፤ ስለዚህ የውኃውን ፈተና ያለፈ ቦይለር ገና ራቁቱን ሳለ፣ መርማሪው ባሉበት ቀስ ብሎ ይሙቅና እግሩ ምን ያህል እንደሄደ በመለኪያ ይታይ። የማይሄድ ከሆነ እሳቱ ይውጣና ምክንያቱ ይፈለግ።

በአራተኛው ቀጠሮ ትርፍ እንፋሎት የሚያስወጡት ሴፍቲ ቫልቮች 90 ላይ ተከፈቱ፤ እሳቱ እየነደደም ግፊቱ ከ95 አላለፈም፤ የተፈቀደው እስከ 99 ነበር። ፉጨትም አልነበረም። መርማሪው የምስክር ወረቀቱን ፈርመው ሲሰጡኝ «እንዳልኩህ ጓርኒሲዮኑ ነበር» አሉኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ዝም አልኩ።